ከ10 ስንት?

«አሪፍ ነው» የሚለውን መልስ አልወደውም። ዘፈን አሰምተኸው «አሪፍ ነው» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አላዳመጠም። መግቢያውን ሰማ፣ ዘፋኙን አወቀ፣ አንተን ላለማስቀየም ራሱን ነቀነቀ፣ አለቀ። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ለምሳ ግብዣ ጥሩ ነው፤ ዘፈን ላይ ሲሆን ግን ሁለታችሁንም ባዶ እጃችሁን ይሸኛችኋል። እኔ «ደበረኝ አቦ፣ 4 ነው፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሞተብኝ» የሚለኝን ሰው እመርጣለሁ። ተናድጄም ቢሆን እመርጠዋለሁ። ይሄ ሰው ጆሮውን ሰጥቶኛል።

ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት አይከብድም። የድሬ ሰው ፊት ለፊት ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብተህ የተከፈተው ዘፈን ካልጣመህ «አቦ ቀይረው» ትለዋለህ። እሱም «አንተ ነህ ፋራ» ብሎ ይቀይረዋል። ማንም አይቀየምም።

እኛ ይህንኑ ጠባይ ሥርዓት አበጀንለት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ የአንዲት ጓደኛችን ግቢ አለ፤ መሀሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበት። እሑድ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል እዚያ እንሰበሰባለን። ከዚያ በፊት በድሬ ሙቀት ሰው ከቤቱ አውጥቶ ዘፈን ስማ ማለት ግፍ ነው። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ሳቢያን ሰፈር የምታስተምር መምህርት አለች። ታይዋን ገበያ ሞባይል የሚጠግን አለ፣ ነርስ አለች፣ እኔ አለሁ፣ አልፎ አልፎ የሚመጡም አሉ። የግቢዋ ባለቤት አባት፣ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡት ጋሼ፣ ወንበራቸውን አውጥተው ጥግ ይይዛሉ። ለውዝ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ዘፈን ይዞ ይመጣል። ዘፈኖቹ ተሰብስበው ይሰማሉ፣ ከ10 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው ለሚቀጥለው እሑድ ከመጋላ ገበያ ሙሽበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቶ ይመጣል።

ቀላል ይመስላል። አይደለም።

መጀመሪያ የገጠመን ችግር ቅደም ተከተል ነው። አንደኛ የሚሰማው ዘፈን ሁሌ ይበደላል። ገና ሲጀመር 9 የሚሰጥ የለም፤ «ከዚህ የባሰ ቢመጣስ?» እያለ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምንም ቢሆን 6 ነው። ይሄ የኛ ግቢ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ያወቅነው በኋላ ነው። ብራሰልስ ውስጥ በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም የሚጠራ ትልቅ የፒያኖና የቫዮሊን ውድድር አለ። ተወዳዳሪዎቹ መቼ እንደሚጫወቱ የሚወሰነው በዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው ቀን የደረሳቸው ዝቅ ያለ፣ ዘግይተው የተጫወቱት ደግሞ ከፍ ያለ ደረጃ የማግኘት ዕድል ነበራቸው። ዕጣ እኮ ነው! ዕድሜውን በሙሉ ለሙዚቃ የሰጠ ዳኛ እንዲህ ከሆነ፣ ለውዝ እየፈለፈለ የሚዳኝ የከዚራ ሰው ላይ ምን ይፈረዳል?

አሁን መጀመሪያ የሚሰማው ማሟሻ ነው። ማንም ያላመጣው፣ ነጥብ የማይሰጠው አንድ ዘፈን። ጆሮ ከሞቀ በኋላ ወደ ሥራ።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ ነው። ድምፁ ትንሽ ከፍ ያለ ዘፈን ጆሮ ላይ የተሻለ ይመስላል። አዳዲሶቹ ዘፈኖች ሲቀናበሩ ከመነሻቸው እስከ መድረሻቸው ድምፃቸው ተገፍቶ ነው የሚወጡት። በሸክላ ዘመን የተቀረጹት ደግሞ ዝግ ያሉ ናቸው። ሁለቱን አከታትለህ ስትከፍት አሮጌው የታመመ ይመስላል። ሞባይል ጠጋኙ ይህን ሥራ ብሎ ይዞታል፤ ዘፈን በተቀየረ ቁጥር አውራ ጣቱ ድምፅ መጨመሪያው ላይ ናት። በስልክ ስፒከር ብቻ መዳኘትንም የከለከለው እሱ ነው። «የስልክ ስፒከር ባስ አያወጣም፣ የባስ ጊታሩን ሳትሰሙት ነው የምትፈርዱበት» ይላል። ልክ ነው። አንዳንድ የድሮ ዘፈን ከባስ ጊታሩ በቀር ምን አለው?

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ነጥብ የምንሰጠው በአፍ ነበር። ባጃጅ ነጂው ድምፁ ትልቅ ነው፤ ዘፈኑ ሳያልቅ «ነፍስ ነው አቦ! 9!» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ 8፣ 9፣ 8። አንድ ቀን ደግሞ በነገር ሆዱ ቆስሎ ይመጣና «ይሄማ 3 ነው» ይላል፤ እንደገና 4፣ 3፣ 4። እኛ ዘፈን የምንዳኝ መስሎን የሱን የዕለት ሆድ ነበር የምንዳኘው።

ይህን ነገር በሰፊው የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ከ14,000 በላይ ሰዎችን በኢንተርኔት አሰባሰቡ። ማንም የማያውቃቸውን የ48 ባንዶች 48 ዘፈኖች አቀረቡላቸው። አንዱ ቡድን ዘፈኖቹን ብቻ ነው የሚያየው። የቀሩት በስምንት የተለያዩ ዓለማት ተከፍለው፣ በየራሳቸው ዓለም ሌላው ሰው የትኛውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንዳወረደ እያዩ ይመርጣሉ። ቁጥሩን ያዩት ዘንድ የገነነው የበለጠ ገነነ፣ የወደቀው የበለጠ ወደቀ። የሚገርመው ግን እሱ አይደለም። በአንዱ ዓለም የገነነው ዘፈን በሌላው ዓለም ያው ዘፈን ሆኖ ሳለ አልገነነም። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፣ በጣም መጥፎዎቹም እምብዛም አልተነሱም። መሀል ላይ ያለው ግን እንደ ዕድሉ ነበር። አብዛኛው ዘፈን ደግሞ መሀል ላይ ነው ያለው።

ይህን ካነበብን ወዲህ ነጥብ በወረቀት ሆነ። ዘፈኑ ሲሰማ ማንም አይናገርም። ወረቀቱ የሚገለጠው ሁሉም ከጻፈ በኋላ፣ እኩል ነው። ስልኩም ይደፋል፤ ዩቲዩብ ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳየው የሚያሳየው ቁጥር ዳኛ እንዳይሆንብን። ዘፈኑን ያመጣው ማን እንደሆነም አይነገርም፤ የግቢዋ ባለቤት ሁሉንም በራሷ ስልክ ሰብስባ እሷ ናት የምትከፍተው። የራስህ ዘፈን ሲመጣ ፊትህን መያዝ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። ነርሷ የራሷ ዘፈን ሲደርስ ሁልጊዜ ጫማዋን ታያለች። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አልነገራትም።

ከሕጎቻችን ሁሉ እኔ የምወዳት አንድ ናት። ከቁጥሩ አጠገብ ቦታ ይጻፋል። ዘፈኑ የያዘህ ወይ የለቀቀህ የት ላይ ነው? ደቂቃውን መጻፍ ትችላለህ፣ «ሳክሱ ሲገባ» ማለት ትችላለህ፣ «እስትንፋስ የወሰደችበት» ማለትም ይቻላል። ቦታ ሳትጽፍ የሰጠኸው ነጥብ አይደመርም።

ይህች ሕግ እስክትመጣ ድረስ ቁጥር መስጠት በሌላ ልብስ የመጣ «አሪፍ ነው» ነበር። ሰው ዘፈን ሳይሰማ 7 ማለት ይችላል። 7 ደግሞ የይሉኝታ ነጥብ ነው፤ አያስቀይምም፣ አያስደስትም። ቦታ ግን ሳይሰሙ አይገኝም። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን 30 ሰከንድ ከሰማኸው እንደተደመጠ ይቆጥርልሃል። እኛ ጋ በ30 ሰከንድ የሚገኘው ቦታ መግቢያው ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ ሦስቴ «መግቢያው» ብሎ የጻፈ ሰው ይሳቅበታል።

አንድ እሑድ የጅቡቲ ዘፈን መጣ። ካት ማርስ የሚባለው ባንድ፤ በፈረንሳይኛ «ማርች 4» ማለት ነው፣ በዚያ ቀን የተመሠረተው የጅቡቲ ገዢ ፓርቲ ባንድ ነበር። ቅጂዎቹ ለረጅም ዓመት በጅቡቲ ሬዲዮ ቤተ መዛግብት ተቆልፈው ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ኦስቲናቶ የተባለ የኒውዮርክ አሳታሚ ለዓለም አወጣቸው። ዘፈኑ ሶማሊኛ ነው። ሱዳን የሚሸት ዜማ አለበት፣ ሕንድ የሚሸት ነገር አለበት፣ መሀል ላይ ደግሞ ኪቦርዱ ብቻውን ወጥቶ እንደ ሰው ያለቅሳል። ወረቀቱ ሲገለጥ ነርሷ 9፣ ሞባይል ጠጋኙ 3። በመሀላቸው ስድስት ነጥብ! ቦታቸውን አየን። ሁለቱም የጻፉት አንድ ነው። «ኪቦርዱ ብቻውን ሲወጣ።»

እሷ «እዚያ ጋ ደረቴ ተከፈተ» ትላለች። እሱ «እዚያ ጋ ዘፈኑን አበላሸው፣ የሠርግ ቤት ኦርጋን አደረገው» ይላል። ቡናው ሁለት ጊዜ እስኪቀዳ ተከራከሩ። አራት ጊዜ መልሰን ሰማነው፤ እሷ ወደ 8 ወረደች፣ እሱ ከ3 ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ሲሰሙ ቆይተው «እኛ ይሄን ድሮ በባቡር ነበር የምናስመጣው» አሉ። ሸመንደፈር ጅቡቲና ድሬን ሲያገናኝ ኖሯል፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም ያኔ ከሐዲዱ ጋር ነው የተወለደችው። ጨርቁም ሽቶውም የመጣው በዚያው ነው፤ ካሴቱ የማይመጣበት ምን ምክንያት አለ?

ጋሼ ቁጥር አይሰጡም። ወረቀት ሰጥተናቸው መነጽር የለኝም አሉ፤ መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የሳቸው ዳኝነት ሁለት ቃል ነው። ወይ «ቀጥሉ» ይላሉ፣ ወይ «ድገሙት» ይላሉ። «ድገሙት» የተባለ ዘፈን ያመጣ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ቢያገኝ እንኳ ሙሽበኩን በደስታ ነው የሚገዛው።

ስለ ትዝታ ቅኝት ሳልናገር ባልፍ መምህርቷ አትለቀኝም። ትዝታ ይዞ የሚመጣ ሰው 7 በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ማሲንቆው ገና ሲቃኝ ግማሹ ሰው ተክዟል፤ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ፈተናውን አልፏል። መምህርቷ ይህን «ማጭበርበር» ትለዋለች። «ያስከፋችሁ ዘፋኙ ነው ወይስ ቅኝቱ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ስለዚህ ትዝታ የሚመዘነው ከሌላ ትዝታ ጋር ነው ተባለ። አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝት ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ድምፆቹ አንዳንድ ቦታ በጣም ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ፣ ያልለመደ ጆሮ ዘፋኙ ከቅኝት የወጣ ይመስለዋል፤ 4 ሰጥቶ ይቀመጣል። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ደግሞ እንደ ዘፋኛቸው ናቸው።

ቋንቋም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድሬ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ሲቀላቀል መስማት ብርቅ አይደለም። እኛም ግጥሙ የሚገባንና የማይገባን ተደባልቀን ነው የምንሰማው። ወረቀቶቹን ስታይ ይለያል። ግጥሙ የገባው ሰው ቦታ ብሎ የሚጽፈው ስንኙን ነው። ያልገባው ከበሮ የሚገባበትን፣ ድምፅ የሚሰበርበትን ይጽፋል። ለኔ ያልገባው ሰው ዳኝነት ንጹሕ ነው፤ ግጥም ብዙ ጊዜ ለደካማ ዜማ ዋስ ይሆናል። መምህርቷ በዚህ አትስማማም። ግጥሙን ሳታውቅ የሰጠኸው ነጥብ የግማሽ ዘፈን ነጥብ ነው ባይ ናት። እስካሁን አልተስማማንም፣ የምንስማማም አይመስለኝም።

አሊ ቢራ ጋ ስንደርስ ግን ክርክሩ ሁሉ ይፈርሳል። የድሬ ልጅ ነው። የጀመረው እዚሁ በተቋቋመው አፍረን ቀሎ በተባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ገና በልጅነቱ ነው። «ቢራ» የሚለውም ስም ከመጀመሪያ ዘፈኑ የመጣ ነው፤ አድማጭ እንዲህ ያለ ነጥብ ሲሰጥ ደግ ነው። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛም ዘፍኗል። በ2015 ዓ.ም. አረፈ። እዚህ ከተማ ውስጥ ለአሊ ከ8 በታች የሚሰጥ ሰው የለም፤ ቢኖርም ወደ ቤቱ በሰላም አይገባም። ስለዚህ ሙሽበክ መግዛት የሰለቸው ሁሉ አሊን ይዞ መምጣት ጀመረ። አንድ እሑድ አራት ሰው አሊን ይዞ መጣ። አሁን አሊ ማሟሻ ብቻ ነው የሚሆነው። ክብርም ነው፣ ደንብም ነው።

መዝሙርና መንዙማ አይዳኙም። ይሄ ያለ ክርክር ያለፈ ብቸኛው ሕግ ነው።

ይግባኝም አለ። የወደቀብህን ዘፈን ከጊዜ በኋላ መልሰህ ማቅረብ ትችላለህ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው የለመደውን ነገር ይወዳል። ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ይህንኑ በቃላትና በምስል አሳይቶ ነበር፤ ምንም ትርጉም የሌለው ነገር እንኳ ደጋግመህ ስታየው እየጣመህ ይሄዳል። ለዚህ ነው በይግባኝ የሚመጣ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ የሚለው። ሁሉም ግን አይደለም። አንዳንዱ በይግባኝ ጭራሽ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን ያስደነገጠን አንድ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ሲሰማ ጩኸቱን ጠብቀነው ነበር፣ ከሱ ሌላ ደግሞ ምንም አልነበረውም። እኔ አንድን ዘፈን የማምነው በይግባኝ ካልወረደ ነው። በይግባኝ ከወጣው ይልቅ ያልወረደውን።

ሰሞኑን ግቢያችንን የበጠበጠው ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ የአማርኛ ዘፈን ተከፈተ። የሴት ድምፅ፣ ለስለስ ያለ፣ የነሐስ መሣሪያው የ60ዎቹን የሚያስታውስ፣ ችክችካው ልኩን የጠበቀ። ቅጂው ንጹሕ ነው። ሁላችንም «ይቺ ማናት?» የሚል ፊት ነበረን። ወረቀቱ ሲገለጥ 7፣ 7፣ 8፣ 7፣ 6። ደህና ነው። ከዚያ ቦታውን ስናነብ ነገሩ ተበላሸ። ነርሷ ባዶ ትታዋለች። ሞባይል ጠጋኙ «ሁሉም» ብሎ ጽፏል። እኔ «መግቢያው» ብያለሁ። መምህርቷ ጽፋ ሰርዛ፣ ጽፋ ሰርዛለች። አንድም ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ አልተገናኘም። እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞን አያውቅም።

ባጃጅ ነጂው ሳቁን መያዝ አቃተው። «በኤአይ ነው አቦ! ትናንት ማታ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነው ያሠራሁት። ዘፋኝ የላትም!»

ግቢው ተናወጠ። ነርሷ ወረቀቷን ቀደደች። መምህርቷ ነጥቡ ይሰረዝ አለች፤ ዘፋኝ የሌለው ዘፈን እንዴት ይወዳደራል? እሱ አልበገርም አለ። «ከ10 ስንት ነው የተባለው፣ ማን ዘፈነው አልተባለም። ስሙን እንደብቅ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ 7 ሰጥታችሁኛል፣ 7 ነው።» ሕጉን ብናገላብጠው ትክክል ነው፤ የሚከለክለው አንቀጽ የለንም። ሞባይል ጠጋኙ በበኩሉ ሌላ ሕግ ጠቀሰ፤ ቦታ ያልተጻፈበት ነጥብ አይደመርም። የነርሷ ባዶ ነው፣ ወጣ። «ሁሉም» ቦታ አይደለም፣ የራሱም ወጣ። የመምህርቷ ስርዝ ነው፣ ወጣ። የኔን «መግቢያው» ይቆጠር አይቆጠር ላይ ተጨቃጨቅን፤ እኔ ራሴ ይውጣ አልኩ። አልፎ አልፎ የሚመጣው አንዱ እንግዳ ብቻ «ሁለት ደቂቃ ከአሥር ላይ ድምፅዋ ሲነሳ» ብሎ 6 ጽፎ ነበር። ስለዚህ አማካዩ 6 ሆነ፤ የዕለቱ ዝቅተኛ።

ባጃጅ ነጂው ይግባኝ ጠይቋል። ጋሼ ዘፈኑ ሲሰማ ምን አሉ ብሎም ምስክር ቆጥሯል። «ቀጥሉ» ነው ያሉት፤ ግን እሱ «ቆይ፣ መጀመሪያ ፈገግ ብለዋል» እያለ ነው። ክርክሩ ለመጪው እሑድ ተቀጥሯል። ሙሽበኩን ግን ገዝቶ እንዲመጣ ተነግሮታል፤ ከረታ ገንዘቡን እናዋጣለን።